ለገጽ አሥራ አምስት የተጨበጨበ ጭብጨባ

ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለምላሴ ወራሽ፣ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽ ደህና ነው። አጎትሽማ ደህና የሚባለውን ነገር አልፎት ሄዷል፤ እሱ እንደሚለው ጤናም ሕመምም ቅዠት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ጥርሱን ሲያመው ግን ቅዠቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶለታል።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ከስንብቱ በታች፣ እንደ ዘበት አድርገሽ «እማ፣ ለመሆኑ አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» ብለሽ ጽፈሻል። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ከዚህ ቤት የወጣሽው ይቺኑ ጥያቄ ሸሽተሽ አልነበረም ወይ? አባትሽ በቁርስ ሰዓት «አቋምሽ ምንድነው?» እያለ፣ አጎትሽ በእራት ሰዓት «መጀመሪያ ነገር 'እኔ' የምትይው ማነው?» እያለ፣ አንድ ቀን እንኳ የጎረስሽው ሳይተናነቅሽ አላደግሽም። አሁን ደግሞ አንቺ ባሕር ተሻግረሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ። ይሁን፣ እመልስልሻለሁ። ግን መልሱ ረጅም ነውና ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

አባትሽ እንደተውሽው የፓርቲው ነባር አባል ነው። ነባር ማለት ሹመት ሲታደል የሚረሳ፣ ወንበር የሚሞላ ሰው ሲፈለግ ግን የሚታወስ ማለት ነው። ዛሬም ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ ሬዲዮ ከፍቶ በዕለቱ ምን እንደሚያምን ይሰማል። አምና ጠላት ይባሉ የነበሩት ዘንድሮ ወንድሞቻችን ተብለው ሲታወጅ፣ ካልሲውን እያጠለቀ «እኔ ድሮም ብያለሁ» አለ። ያለው ተቃራኒውን እንደነበር ያስታወስኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ፖለቲካ አይገባኝም።

ወንድሜ፣ ያው አጎትሽ፣ በበኩሉ ሚስቱ ትታው እኛ ጋ ከገባ ወዲህ ስንቱን መምህር ቀያይሮ አሁን የመምህረ ጸጥታ ደቀ መዝሙር ሆኗል። መምህረ ጸጥታን አታውቂያቸውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የበቀሉ ናቸው። ስለ ዝምታ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ግማሽ ቀን መናገር የሚችሉ ታላቅ ሰው ናቸው። ከልብስ መደብሩ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይተው ሰውን ባዶ ያደርጋሉ፤ ከአእምሮው ጀምረው ኪሱ ድረስ።

ሁለቱ አይነጋገሩም። አይነጋገሩም ስልሽ ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ከክርክር ሌላ ግን አይነጋገሩም። «ጨው አቀብለኝ» እንኳ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። አንዱ ዓለምን ካልለወጥኩ ይላል፣ ሌላው ዓለም የለችም ይላል፣ በመሐል እኔ የሁለቱንም ሸሚዝ አጥባለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። እኔ አሁንም ማተሚያ ቤቱ ጥረዛ ክፍል ነኝ። የታተመ ወረቀት አጥፋለሁ፣ እሰበስባለሁ፣ ሽቦ እመታለሁ፣ እከረክማለሁ። ባለማተሚያ ቤቱ እምነቱ ቀብድ ነው፤ ቀብድ ይዞ የመጣን ሁሉ ያትማል። ባለፈው ወር በአንድ ሳምንት ሁለት ሥራ ተቀበለ። አንደኛው የፓርቲው «የአዲሱ ጎዳና መመሪያ»፣ ሁለተኛው የመምህረ ጸጥታ «የውስጥ ጎዳና»። ሁለቱም ጎዳና፣ ሁለቱም ሠላሳ ሁለት ገጽ። ማተሚያ ቤቱ ያለው ወረቀት አንድ ዓይነት፣ ፊደሉም አንድ ዓይነት ነው። የፓርቲው ሽፋን ቀይ፣ የመምህሩ ነጭ ከመሆኑ በቀር አንዱን ከሌላው ለመለየት ማንበብ ያስፈልግ ነበር። ማንበብ ደግሞ፣ አሁን እንደማወጋሽ፣ ከዚህ አገር ሰው የቀረ ነገር ነው።

ሁለቱም ሥራ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲደርስ ተፈለገ። የክፍሉ ሠራተኞች በጉንፋን ተኝተዋል። ባለማተሚያ ቤቱ «ወደ ቤትሽ ውሰጂና ከቤተሰብሽ ጋር ሰብስቢው» አለኝ። ቤተሰቤን አያውቅም፤ አልፈርድበትም።

መሰብሰብ እንዴት እንደሆነ ትንሽ ሳለሽ ሠርተሽዋል። ቅጠል የምንላቸው የታጠፉ ወረቀቶች በጠረጴዛው ዙሪያ በየተራቸው ይከመራሉ፤ ሰው እየዞረ ከየክምሩ አንድ አንድ እያነሳ አንዱን በአንዱ ውስጥ ይከታል። አንድ ዙር አንድ መጽሐፍ ነው። ጭንቅላት የማይጠይቅ፣ እግርና እጅ ብቻ የሚበቃው ሥራ ነው። ሁለቱን ያመንኳቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

የምግብ ጠረጴዛችንን ለፓርቲው ሰጠሁ፤ ከጎረቤት የተዋስኩትን ለመምህሩ። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ በሁለቱ ጠረጴዛ መሐል ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ክፍተት ብቻ ቀረች። አባትሽ «የዚያን አጭበርባሪ ወረቀት በእጄ አልነካም» አለ። አጎትሽም «እኔም ጥላቻ አልሰበስብም» አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ የየራሱን እምነት ሊዞር ተነሳ፣ እኔ ሽቦ መምቻዋን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ወዲያው ጀመሩ።

«ሕዝብ እየተራበ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ትቀመጣለህ!»

«እርስዎ ገልጠው ምን አበሉት፣ ጋሼ?»

«ታሪክ ይፈርድብሃል!»

«ታሪክ ሐሳብ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ደመና ነው።»

«ደመናው ሲዘንብብህ ታዲያ ለምን ቤቴ ውስጥ ተጠለልክ?»

ሰው ሲሰድብ የተሰዳቢውን ፊት ማየት ይፈልጋል። በየዙሩ ክፍተቷ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ይፋጠጣሉ። ከገጽ አሥራ አምስት የሚጀምረው የመሐለኛው ቅጠል ክምር ደግሞ በሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ያለው እዚያችው ክፍተት ጫፍ ላይ ነበር። ሲፋጠጡ አባትሽ ፊቱ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ይሆናል፣ አጎትሽ ፊቱ ወደ ፓርቲው ጠረጴዛ። እጅ የሚያነሳው ከፊቱ ያለውን ነው። አባትሽ በአጎትሽ ብብት ሥር እጁን ሰድዶ የጸጥታን ቅጠል ይወስዳል፤ አጎትሽ ከአባትሽ ክርን በላይ ተንጠራርቶ የትግልን ቅጠል ይወስዳል። ክርክሩ ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ስላልቆመ ስህተቱም አልቆመም። አንድም የዳነ መጽሐፍ የለም። እኔ ያመጡልኝን በየሽፋኑ እየከተትኩ ሽቦ መታሁ። ሽቦ የሚመታው የመጽሐፉ ጀርባ ወደ ላይ ሆኖ ነው፤ ሆዱን የሚያይ የለም።

ያወቅኩት መጻሕፍቱ ሄደው ከተበተኑ በኋላ ነው። አጎትሽ ከአዳራሹ ፊቱ እንደ አምፖል በርቶ መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ የሰማሁትን ብትሰሚ!»

«ምን ሰማህ ደግሞ?»

«ገጽ አሥራ አራት መጨረሻው ላይ 'እውነተኛ ጸጥታ የሚገኘው' ይልና ያበቃል። ገጽ አሥራ አምስት ላይ ስትሄጂ 'ተቃራኒ ኃይሎችን በየደረጃው ባለው መዋቅር አማካይነት በመመንጠር ነው' ይላል። ይሄን ያህል ጥልቀት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መምህሩስ ምን አሉ?»

«ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ 'ተቃራኒ ኃይሎች ሐሳቦቻችሁ ናቸው፤ መዋቅሩ አከርካሪያችሁ ነው' አሉ። ሴቶቹ በሙሉ አለቀሱ።»

እኔ ቤት ከቀረው ትርፍ አንድ ቀዩን አንስቼ ከፈትኩት። ገጽ አሥራ አራት መጨረሻው ላይ «ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በቅድሚያ ማድረግ የሚገባው» ይላል። ገጽ አሥራ አምስት ይቀበለዋል፦ «ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ባዶ ማድረግ ነው። ጥያቄ የአእምሮ እከክ ነው፤ ባከኩት ቁጥር ይሰፋል።» ልጄ ሙች፣ ስፌቱ አይታወቅም። አንድ አእምሮ ተቀምጦ የጻፈው ይመስላል።

አባትሽን ጠርቼ አሳየሁት። «በቃ፣ አለቀልን፤ የፓርቲው አባላት እኮ እያንዳንዱን ቃል መርምረው ነው የሚያነቡት» አለ። መኝታ ቤት ገብቶ መስታወቱ ፊት ቆመና በራሱ ላይ የሚያቀርበውን ሂስ መለማመድ ጀመረ። «ቸልተኛ ነበርኩ። ከሥራዬ ይልቅ ክርክሬን አስቀደምኩ» ሲል በበሩ ቀዳዳ ሰማሁት። ያን ያህል እውነት ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበርና፣ ለዚያች ቀን፣ ሰውየውን እንደገና ወደድኩት።

የፓርቲው ስብሰባ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ከዚህ በኋላ የምነግርሽን የሰማሁት ከራሱ ከአባትሽ ነው። ሰብሳቢው መድረክ ላይ ቆሞ መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ያነባል፣ አባሉ መጽሐፉን ይዞ ይከተላል። አባትሽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ገጽ አሥራ አራት አለቀ። ሰብሳቢው አሥራ አምስትን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ባዶ። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ አጨበጨበ፣ ቀጥሎ አዳራሹ። ጥያቄ እከክ ነው የሚለው ላይ ሲደርስማ ቆመው አጨበጨቡ።

«አንተስ?» አልኩት።

«አዳራሹ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?» አለኝ።

ጭብጨባው ሲያበቃ አንድ እጅ ብቻ ለጥያቄ ወጣ። የነጠላ ሰረዝ እጅ። አዎ፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪሽ፤ ነጠላ ሰረዝ ስትረሺ ግማሽ ማርክ እየቀነሱ የሚያስለቅሱሽ፣ ታመሽ የቀረሽ ቀን ግን ትምህርቱን ቤት ድረስ ይዘውልሽ የሚመጡት። ከአባትሽ እኩል የቆዩ አባል ናቸው። ልዩነታቸው እሳቸው ያምኑበታል።

«ይቅርታ ሰብሳቢ፣ ይሄ ቅጠል የእኛ አይደለም። ከሌላ መጽሐፍ የተቀላቀለ ይመስለኛል» አሉ።

«የፓርቲው መመሪያ የፓርቲው አይደለም እያሉን ነው?»

«ቅጠሉን ነው ያልኩት። ዐረፍተ ነገሩ ይገጥማል፤ ሐሳቡ ግን አይገጥምም።»

«ቤቱ እኮ አጨብጭቦበታል!»

«እሱንማ አየሁ። እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው።»

ይቺን የመጨረሻዋን ባይሏት ምናልባት ተስቆ ይታለፍ ነበር። «ለአጭር ማብራሪያ እንፈልግዎታለን» ተብለው በጎን በር ወጡ። እስከ ዛሬ እያብራሩ ነው።

ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት እኛ ቤት ትመጣለች። አባትሽ አዳራሹ ውስጥ እንደነበር ታውቃለች እንጂ ቅጠሉ የት እንደተቀላቀለ አታውቅም። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። አታለቅስም፤ ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ሰውየው አስም አለባቸው። ሲያፍናቸው የሚስቡትን መድኃኒት ይዛ ወደያዟቸው ቢሮ ስትሄድ በር ላይ ያለው ዘበኛ «እዚህ የታመመ የለም» ብሎ መልሷታል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነበሩ፤ ምን አጥፍቶ ነው?» አለችው አባትሽን።

«አይዞሽ፣ ፓርቲው የራሱን ሰው አይበድልም።»

«እሱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አለች። ቃሉን እንደ ስድብ አላለችውም፤ እንደ ናፍቆት ነው ያለችው። ከዚያ ቀን በኋላ አባትሽ ድምጿን ሲሰማ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። አጎትሽማ ቀድሞት ነው የሚወጣው።

አንድ ቀን ሁለቱንም ምሳ ላይ ያዝኳቸው።

«ሂዱና ያቀላቀልነው እኛ ነን በሉ» አልኳቸው። «ቀዩንና ነጩን ጎን ለጎን ገልጣችሁ አሳዩ። በቃ፣ ይሄው ነው።»

አባትሽ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሁኔታው ውስብስብ ነው። በዚህ ሰዓት ይሄን ማውጣት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው። ከግለሰቡ በላይ ማየት ያስፈልጋል።»

«ግለሰቡ መተንፈስ አቅቶታል እኮ!»

«እሱ ተጨባጭ ነው፤ አልካድኩም። ታሪካዊ ግን አይደለም።»

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «አንተስ?»

«እትዬ፣ የሚሆነው ሁሉ መሆን ስላለበት ነው የሚሆነው። ማን ያውቃል፣ የሰውየው ነፍስ ይሄን ዝምታ ራሷ ፈልጋው ይሆናል። ጠባብ ክፍል፣ ባዶ ግድግዳ... ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚመኘው ነው።»

«ታዲያ ለምን አንተ አትገባላቸውም?»

«እኔ ገና አልበቃሁም» አለ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በትሕትና።

አባትሽ ከሳህኑ ቀና ብሎ ወንድሜን አየው። ትክ ብሎ አየው። «ዛሬ እንኳ እውነት ተናገረ» አለ። አጎትሽም «ጋሼ ያሉትም በጥልቀቱ ሲታይ ያው ነው» አለ። ከዚያ አባትሽ ጨዉን አንስቶ በቀጥታ፣ በገዛ እጁ፣ ለወንድሜ አቀበለው።

እንግዲህ ቤታችን ሰላም ወርዷል። አሁን ይሄን ስጽፍልሽ በረንዳው ላይ ዳማ እየተጫወቱ ነው። ይሳሳቃሉ። አንዱ ሲሸነፍ ሌላው ያጽናናዋል። ይሄን ሰላም ስንት ዓመት ስመኘው እንደኖርኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ መጥቶልኝ ስሰማው ግን ሳህን መስበር ነው የሚያምረኝ።

ከማን ወገን ነሽ ላልሽኝ፣ ሐሳቡ ሁሉ ውሸት ነው አልልሽም። አባትሽ ጎረምሳ ሳለ ስለ እኩልነት ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያገባሁት እሱን እጅ ነው። ወንድሜም ሚስቱ የሄደች ሰሞን አንድ ሰው «ተቀመጥ፣ ተንፍስ» ባይለው ይሞትብኝ ነበር። የአባትሽ መጽሐፍ ድሃውን ይወድዳል። የአጎትሽ መጽሐፍ ፍጥረትን ሁሉ ይወድዳል። አንዲት ድሃ ፍጥረት በራችን ላይ ስትቆም ግን ሁለቱም በጓሮ ወጡ። እኔ ያየሁት ይሄን ነው። ከዚህ የበለጠ ፍልስፍና ከፈለግሽ እዚያው ካለሽበት ዩኒቨርሲቲ ጠይቂ።

ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት እዚያ ቢሮ ብቅ እላለሁ። ሁለቱን መጻሕፍት እይዛለሁ። የእነዚህን የሁለቱን ስም አላነሳም፤ አባትሽን ቢጠሩት ንግግር ያደርግባቸዋል፣ አጎትሽን ቢጠሩት ዓይኑን ይጨፍንባቸዋል፣ ነገሩ ይበላሻል። ሥራውን የተረከብኩት እኔ ነኝ፣ ሆን ብዬ የቀላቀልኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። አስቤበታለሁ። ዝም ብሎ ስህተት ነው ካልኳቸው አዳራሽ ሙሉ ሰው ለስህተት ቆሞ አጨበጨበ ማለት ነው፤ ያንን ይቅር አይሉም። አሁን የቸገራቸው ጥፋተኛ ነው። ጥፋተኛ ካገኙ ነጠላ ሰረዝ «ነቅተው ያጋለጡ አባል» ተብለው ይወጣሉ። ምናልባትም የምስጋና ወረቀት ይሰጧቸዋል፤ እሳቸውም ተቀብለው ያርሙላቸዋል።

ጀግና ሆነች ብለሽ ደግሞ እንዳታወሪብኝ። ትናንት ሄጄ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ የቢሮውን በር ሳየው ቆየሁና ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ባለቤታቸው መጥታ፣ ስለሳቸው ምንም ሳትጠይቀኝ፣ «እትዬ፣ ምነው ከሳሽ?» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ዳቦ አይገዛም።

ለአባትሽ አልነገርኩትም። ቢሰማ ይከለክለኛል ብዬ እፈራለሁ። ሳይከለክለኝ ቢቀርስ ብዬ ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ብሄድ ይሻለኛል።

አሁን የቤት ነገር። የጀመርኩልሽን ሹራብ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ፣ እጅጌውን እሷ ትጨርስልሻለች። ለአባትሽ ደውዪለት። ኩርፊያው ይብቃችሁ። ስለ አቋሙ አትጠይቂው፣ ስለ ጉልበቱ ጠይቂው፤ ያመዋል፣ ለሰው ግን አይናገርም። ሸሚዞቹ ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ የት እንዳሉ ከጠየቀሽ ንገሪው። አጎትሽም ጥርሱን ይነቀል፣ ብላለች በዪው።

በይ ልጄ፣ ማንም ባዶ አያድርግሽ፣ ማንም አይመንጥርሽ። ስትጠይቂ የሚቆጣሽ ሳይሆን ቆም ብሎ የሚያስብልሽ ሰው ይግጠምሽ። እጅሽ ሥራ፣ ጎንሽ ወዳጅ፣ አፍሽ ሳቅ አይጣ። ከዚህ ቤት የወረስሽው ምላስ በደህና ቦታ ያውልሽ።

ሁሌም የምትወድሽ
እናትሽ

የረሳሁት፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ስትጽፊ ወደ ቤት አትላኪው። በነጠላ ሰረዝ ባለቤት አድራሻ ላኪው፤ የዚያን ቢሮ በር ለምዳዋለች፣ ደብዳቤሽን እዚያ ይዛልኝ ትመጣለች።